መቶ አሥራ ሁለተኛው ሜትር

ሰኞ ጠዋት ስልኬ ሲጮህ ገና ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። ሳጅኗ ናት። ሳጅኗ ቀልድ ይቀናታል፤ የሰው ሞት እንኳ ስትነግረኝ አንድ ነገር ጣል ሳታደርግ አትዘጋም። የዚያን ቀን ግን ቀልድ አልነበረም።

«ኢንስፔክተር፣ ቶሎ ይምጡ። ማዕድን ድርጅቱ ግቢ፣ የናሙና መጋዘኑ ውስጥ ነን።»

«ምን ተገኘ?»

«ሚዛን ናት። ሞታለች።»

ክው አልኩ። ሚዛንን የማያውቅ ሰው በከተማችን የለም፤ እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ደግሞ ከቤተሰቧ በስተቀር ያለ አይመስለኝም። ድርጅቱ ውስጥ የተፈጨ ድንጋይ እየመዘነች በከረጢት የምትሞላው እሷ ስለሆነች ሚዛን ተባለች፣ እሷም ስሙን ወደደችው። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ አስቁማኝ፣ «ኢንስፔክተር፣ ሠርጌ ላይ ይሄን ግራጫ ኮት ለብሰው እንዳይመጡ፣ ቀብር ያስመስሉብኛል» ብላኝ ተሳስቀን ነበር የተለያየነው። ሠርጉ ወር ቀርቶት ነበር።

ያንኑ ኮት ለብሼ ሄድኩ። ሌላ የለኝም።

መጋዘኑ ረጅም ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሲሚንቶ ወለል፣ ግራና ቀኝ እስከ ላይ የተደረደሩ ጠፍጣፋ የእንጨት ሣጥኖች። ሣጥኖቹ ውስጥ ከተራራችን ሆድ በመሰርሰሪያ የወጣ ድንጋይ አለ፤ ክንድ የሚያህል፣ ዱላ የመሰለ። የውጭው ድርጅት ሦስት ዓመት ሙሉ ሲቆፍር ያወጣው ይኼን ነው። ሚዛን በሣጥኖቹ መሀል በግንባሯ ተደፍታለች። ከኋላ ጭንቅላቷን አንድ ጊዜ ተመትታለች። ሐኪሙ እሁድ ከሰዓት፣ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው ብሏል።

«በምን ተመታች?» አልኩ።

«አላገኘንም» አለች ሳጅኗ። «መዶሻው ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው፣ ንጹሕ ነው። ግቢውን አንድ ባንድ አስሰናል፣ ምንም የለም።»

በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ጋሽ ቋጥኝ ናቸው፣ የመጋዘኑ ኃላፊ፣ የሚዛን አጎት። የእናቷ ወንድም። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ከአሥራ አንድ ዓመቷ ያሳደጓት፣ ድንጋይ ማንበብ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ሠላሳ ዓመት እነዚህን ተራሮች በእግራቸው ዞረው፣ «እዚህ ስር ወርቅ አለ» ብለው ሰውን ያሳመኑ፣ በመጨረሻም የውጭ ድርጅት እጁን ይዘው ያመጡ ሰው ናቸው። ሲጋራ አያጨሱም፤ የክብሪት ቀፎ ግን ከኪሳቸው አይጠፋም። ሲጨንቃቸው እንጨቱን እያወጡ ይሰባብሩታል። ያን ጊዜም እግራቸው ስር የተሰባበረ ክብሪት ተከምሮ ነበር።

«እኔ በሞትኩ!» ይላሉ። «ልጄን! ማንን በድላ ነው ልጄን?»

አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ። ጉልበቴ ደህና አይደለም፣ ተነስቶ መቆሙ ጣጣ ነው፤ ቢሆንም ቁጢጥ አልኩ።

«ጋሼ፣ አይዞዎት። የት ነበሩ ብዬ አልጠይቅዎትም፣ አይቼዎታለሁ።»

አይቻቸዋለሁ። እሁድ ከሰዓት ከተማው በሙሉ አዳራሽ ውስጥ ነበር። አዳራሹ ከድርጅቱ አጥር ጀርባ ነው፣ አርባ እርምጃ ቢሆን ነው። ሐሙስ ባለሀብቶች መጥተው እንደሚፈርሙ፣ የማዕድን ማውጫው እንደሚከፈት፣ የአንድ ሺህ ሰው ሥራ እንደሚኖር የተነገረን ዕለት ነው። ስብሰባውን የከፈቱት ጋሽ ቋጥኝ ናቸው፣ የዘጉትም ጋሽ ቋጥኝ። እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ መዳፌ እስኪቀላ አጨብጭቤያለሁ።

*

ዘበኛውን ጥግ አስያዝኩት።

«እሁድ ማን ገባ?»

«እሷ ብቻ፣ ጌታዬ። ሰባት ተኩል ላይ። ‹ሥራ አለኝ› አለችና ገባች።»

«ሌላስ?»

«ማንም።»

«አንተ ከበሩ አልተነቃነቅክም?»

ቆቡን አውልቆ ያገላብጠው ጀመር።

«አንተን እኮ ነው!»

«ጌታዬ… ፊልሙን ትንሽ ልይ ብዬ በአዳራሹ መስኮት…»

ፊልሙ ስለ ሌሎች አገሮች ማዕድን ነበር፤ መንገዱ፣ ሆስፒታሉ፣ የሚስቁ ልጆች። አዳራሹ አንድ ሰዓት ሙሉ ጨለማ ነበር። ይኼ ሰውዬ አንዲት ሴት ብቻዋን ያለችበትን ግቢ ክፍት ትቶ የሚስቁ ልጆች ያያል! ልሳደብ አፌን ከፈትኩና ተውኩት፤ እኔስ የት ነበርኩ?

«ስትመለስ ማንን አየህ?»

«አባቷን» አለ ፈጥኖ። «አጥሩ ጋ ነበሩ። ዶማ ትከሻቸው ላይ። ቶሎ ቶሎ እየተራመዱ ሄዱ።»

የሚዛን አባት ገበሬ ነው። ድርጅቱ የቆፈረው ሰባተኛው ጉድጓድ ያለው በሱ ማንጎ እርሻ ጫፍ ላይ ነው፤ ከተማው ሁሉ መሬቱን ሲለቅ እምቢ ያለ እሱ ብቻ ነበር። ልጁ ድርጅቱ ውስጥ ስትቀጠር በገበያ መሀል፣ «ለእኔ ሞታለች» ብሎ ጮኋል። ይህን ያልሰማ የለም። ከሰዓት በኋላ ጣቢያ ስናመጣው ሕዝቡ መንገድ ላይ ወጥቶ ሊተፋበት ነበር።

«አባት፣ እሁድ አጥሩ ጋ ምን ይሠሩ ነበር?»

እጆቹን ያያል። አፈሩ ስንጥቁ ውስጥ የገባ፣ ታጥቦ የማይለቅ እጅ።

«ሰው አይቶዎታል እኮ።»

«ካየኝ አየኝ።»

«ልጅዎን ገድለዋል?»

ቀና ብሎ አየኝ። ብዙ ዓይን አይቻለሁ፤ እንደዚያ ባዶ የሆነ ዓይን ግን አላየሁም። «ጻፈው» አለኝ። «የፈለግከውን ጻፍ። እሷ ከሌለች እኔን የትም ብትጥለኝ ምን ቸገረኝ?»

አዛዡ ስልክ ላይ ይህን ሲሰማ ደስታውን መደበቅ አልቻለም።

«አመነልህ ማለት ነዋ!»

«አላመነም ጌታዬ። ጻፍ ነው ያለኝ።»

«ስማ። ሐሙስ ባለሀብቶቹ ይገባሉ። ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰውየው ወደ ወህኒ ይጫናል፣ ፋይሉ ይዘጋል። ይኼ ከተማ ይህን ቀን ስንት ዓመት ጠበቀ? አንተ ነህ የምታበላሸው?»

ዘጋው። ሳጅኗ ጠረጴዛው ማዶ ቆማ ታየኛለች።

«ምን ይታይሻል?» አልኳት።

«የሚታየኝማ አንድ ሽማግሌ ባልሠራው ሥራ ዕድሜ ልክ ሲገባ ነው» አለች። «ይልቅ ይህን ይዩ።»

ጠረጴዛዬ ላይ ከረጢት አስቀመጠች። አጥሩ ሽቦ ላይ ተሰቅሎ ያገኘችው ነው። ከፈትኩት። ማንጎ። እያንዳንዱ ታጥቦ በጋዜጣ ተጠቅልሏል።

ሰው ሊገድል የመጣ ማንጎ በጋዜጣ ሲጠቀልል ይውላል? ከረጢቱን ይዤ ወደ ክፍሉ ተመለስኩ። ሲያየው ፊቱ ተሰባበረ።

«ከጓሮ ካለው ዛፍ ነው» አለ። «ልጅ ሆና የምትወጣበት። ሠርጓ ላይ ልቀር አልቻልኩም፣ ልታረቃት ነው የመጣሁት። ከእርሻ እንደወጣሁ ዶማዬን እንኳ ሳላስቀምጥ። በሩ ላይ ሰው የለም። በአጥሩ በኩል ጠራኋት፣ ሦስት ጊዜ። ዝም አለችኝ። ተቀይማኛለች አልኩና ሰቅዬው ተመለስኩ።»

ሲጠራት እሷ ወለሉ ላይ ነበረች። አንጀቴን በላው። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ትንሽ ቆየሁ።

*

ማክሰኞ ጠዋት እጮኛዋን አነጋገርኩት። የናሙና መኪና ሹፌር ነው። ሌላውን ከመጠርጠሬ በፊት እሱን መጠርጠር ነበረብኝ፤ ግን እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከዚህ መቶ አርባ ኪሎ ሜትር ርቆ ኬላ ላይ ፈርሟል። ከኬላው ጋር አረጋገጥኩ፣ እውነት ነው።

«አርብ ዕለት ፊቷ ልክ አልነበረም» አለኝ። «ምን ሆንሽ ስላት ‹ሐሙስ ሳይደርስ አንድ ሰው ማማከር አለብኝ› አለችኝ።»

«ማንን?»

«አልነገረችኝም። ሥራ አስኪያጁን መስሎኝ ነበር።»

«ሌላስ ምን አለችህ?»

«ሌላማ የሠርግ ወሬ ነው። ቀሚሱ፣ የእናቷ ወርቅ፣ ወንበር የት እንደምንከራይ…» አለና አቃተው። እንዲያለቅስ ተውኩት።

ሽርጧን ሐኪሙ ልኮልኝ ነበር። ኪሱ ውስጥ ሁለት ነገር ተገኘ። አንደኛው ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ነው፤ የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ «ጉድጓድ ሰባት፣ 112 ሜትር። ሩብ ጎድሏል። ማን ወሰደው?» ይላል። ሁለተኛው የታጠፈ ፕላስተር ነው፤ መሀሉ ላይ ቢጫ ብናኝ ተጣብቋል።

ሥራ አስኪያጁ ጋ ሄድን። የውጭ ሰው ነው፤ በብዙ አገር ማዕድን ላይ የሠራ። ቋንቋችንን ደህና ይናገራል፣ ወንዱንም ሴቱንም ግን አንተ ነው የሚለው። ቢሮው ቀዝቃዛ ነው። ግድግዳው ላይ ካርታ የነበረበት ቦታ አራት ምስማር ብቻ ቀርቷል፤ ጥጉ ላይ የታሸጉ ካርቶኖች ተደርድረዋል።

«ጉዞ ነው?» አልኩት።

«አዲስ ቢሮ፣ ትልቅ ቢሮ» አለ እየሳቀ። ወደ ሳጅኗ ዞሮ፣ «አንተ ሻይ ትጠጣለህ?» አላት።

«አልጠጣም፣ እናመሰግናለን እመቤቴ» አለችው። አልገባውም።

ደብተሩን አሳየሁት። ፈገግታው ለአንድ አፍታ ጠፋና ተመለሰ። «የሥራ ስህተት ነው» አለ። «ሚዛን በጣም ጥንቁቅ ልጅ፣ ትንሽ ነገር ትልቅ ታደርጋለች።»

ሰውየው ዋሽቷል፤ ይህን ለማወቅ ኢንስፔክተር መሆን አያስፈልግም። ችግሩ ግን እሁድ ስድስት መቶ ሰው ፊት ከፊልም ማሳያው አጠገብ ቆሞ፣ የመሣሪያው መብራት ፊቱ ላይ እያረፈ ነበር የዋለው። እኔም አይቼዋለሁ። ጥርሴን ነክሼ ወጣሁ።

*

ጋሽ ቋጥኝ መጋዘኑ በር ላይ ናቸው፤ ቤት ሂዱ ቢባሉ አልሄዱም። ሩቡ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ድንጋዩን በቁመቱ ለሁለት እንሰነጥቀዋለን» አሉኝ በትዕግሥት፣ ተማሪ እንደሚያስረዳ ሰው። «ግማሹ ይፈጫል። የተፈጨውን እሷ ትመዝናለች፣ እኔ አስሬ አሽገዋለሁ፣ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ሌላው ግማሽ እዚሁ ለምስክር ይቀመጣል። ሩብ ብቻ ከቀረ፣ ከምስክሩ ላይ ለማመሳከር የወሰደ ሰው አለ ማለት ነው።»

«እርስዎ ወስደዋል?»

«እኔ?» አሉ ደንግጠው። ድንጋጤያቸው እውነተኛ ነበር። «ኧረ አልወሰድኩም! ማን ወሰደ?»

«እኛም እሱን ነው የምንፈልገው። መጋዘኑ ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ የገቡት መቼ ነው?»

«ቅዳሜ፣ ስንዘጋ።»

እኔና ሳጅኗ ገባን። የሰባተኛው ጉድጓድ ሣጥኖች ሚዛን ከወደቀችበት ጎን ነበሩ። ስድስቱ የመጀመሪያ ጉድጓዶች ባዶ ሆነው፣ ከስምንት ወር በፊት «ወርቅ ተገኘ!» ያሰኘው ይኼ ጉድጓድ ነው። መቶ አሥራ ሁለት ሜትር የሚለውን ሣጥን ወለሉ ላይ አወረድነው። እንደተባለው አንድ ቦታ ላይ ሩብ ብቻ ቀርቷል።

ሳጅኗ ግን ሩቡን አልነበረም የምታየው።

«ኢንስፔክተር፣ ይሄኛው ለምን ንጹሕ ሆነ?»

ሁሉም ድንጋይ አቧራ ለብሷል። አንዱ ግን፣ ክንድ የሚያህለው፣ ታጥቧል። በእስክሪብቶ ጫፍ ቀና አደረግኩት። ከታች፣ ስንጥቁ ውስጥ፣ ውሃው ያልደረሰበት የጠቆረ መስመር አለ። ደም።

ሳጅኗ አፏን በእጇ ያዘች። መሣሪያውን ሁለት ቀን ግቢ ለግቢ ስንፈልግ፣ እሱ ከሺህ ወንድሞቹ መሀል ተኝቶ ነበር!

«እንዴት ያለ ሰው ነው?» አለች። «ወንዝ አለ፣ ገደል አለ፣ ድንጋይ የማይጣልበት ቦታ የለም። ለምን አጥቦ ይመልሰዋል?»

እኔ ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ድንጋዩ ዝም ብሎ አልተወሸቀም። የተሰበረው ጫፍ ከጎረቤቱ ጫፍ ጋር ጥርስ ለጥርስ ገጥሟል፣ ጠጠር አያሳልፍም። የትኛው ጫፍ ወደ ላይ፣ የትኛው ወደ ታች እንደነበር የሚያውቅ ሰው ነው የመለሰው። አባትየው ይህን ሥራ ዓመት ቢሰጡት አይሠራውም። አጠገቡ ደግሞ ጥልቀቱ የተጻፈበት እንጨት አለ፤ እንዳይነቃነቅ በክብሪት እንጨት ተወትፏል። በየሣጥኑ እንደዚያው ነው። የሌሎቹ ክብሪቶች ግን በአቧራ ጠቁረዋል፤ ይሄኛው ነጭ ነው፣ ጫፉ ላይም ደም የሚመስል ቀይ ነጥብ አለው።

ክብሪቱን ነቅዬ በትንሽ ላስቲክ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት። ለሳጅኗ ምንም አላልኳት። ለራሴም መናገር አልፈለግኩም።

*

ፕላስተሩን ከሳጅኗ ጋር ገበያ ላለ ወርቅ ሠሪ ወሰድነው። ማጉያውን ዓይኑ ላይ ደግኖ ብዙ ቆየ።

«ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«ከድርጅቱ። የድንጋይ ዱቄት ውስጥ የነበረ ሳይሆን አይቀርም።»

«ይሄ ከመሬት የወጣ ወርቅ አይደለም» አለኝ። «የሞረድ ብናኝ ነው። እየው፣ ተጠቅልሏል፣ ሞረድ ነው እንዲህ የሚያደርገው። ቅላቱንም እይ፣ መዳብ አለበት። የድሮ ጌጥ ነው፤ አምባር ወይ ቀለበት።»

ለሳጅኗ ከእኔ ቀድሞ ገባት። «ድንጋዩ ወርቅ ያለው እንዲመስል ጌጥ ሞርደው ጨምረውበታል!» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «ኢንስፔክተር… ታዲያ ተራራው ውስጥ ምንም የለም ማለት ነው?»

ወርቅ ሠሪው ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ወንድ ልጁ ከሰው አገር ሥራውን ለቅቆ ማዕድኑን ብሎ የተመለሰ ነው። ስንቱ መሬቱን ለቀቀ፣ ስንቱ ቤቱን አፍርሶ የእንግዳ ማረፊያ ሠራ! የእኔዋ ባለቤት ሳትቀር ሱቅ ልትከፍት መደርደሪያ አሠርታለች። ሰማይ የተደፋብን መሰለኝ።

ጣቢያ ተመልሼ የሚዛንን አባት አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት። «የእናቷ ወርቅ ማን ጋ ነው?»

«የሚስቴ ወንድም ጋ» አለ። «ስትሞት ለሱ ነው የሰጠችው፣ ለልጄ ሠርግ እንዲያስቀምጥላት። እኔን አላመነችኝም፣ መሬት ትገዛበታለህ አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እገዛበት ነበር።»

*

ረቡዕ ሦስት ሰዓት ላይ ጋሽ ቋጥኝን መጋዘኑ ውስጥ አስገባኋቸው። ሳጅኗ በሩ ላይ ቆመች። ከሌላ ጉድጓድ አንድ ሣጥን አውርጄ መሀል ላይ አስቀምጬ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሌላ ሰው በሆነ እያልኩ ነበር። በክብሪቱ አስመስሎ እሳቸውን ሊያስይዝ የፈለገ ይኖራል እያልኩ ነበር።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩና ሣጥኑን በእግሬ ገለበጥኩት።

ድንጋዩ በሲሚንቶው ላይ ተንጋጋ።

«ምን ነካህ!» ብለው ጮኹ። ኢንስፔክተርነቴም ሐዘናቸውም የት እንደገባ አላውቅም፣ ወዲያው ተንበረከኩ። ማንሳት ጀመሩ። እጃቸው አይሳሳትም፤ ያነሳሉ፣ ጫፉን በአውራ ጣታቸው ይዳስሳሉ፣ ያዞራሉ፣ ይገጥማሉ። ዕንባቸው ድንጋዩ ላይ ይንጠባጠባል፣ እጃቸው ግን ይሠራል። የጥልቀት እንጨቱ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ክብሪት አወጡ። ሰበሩ። ወተፉ።

እኔም ከኪሴ ትንሽ ላስቲክ አወጣሁ። ውስጡ ያ ነጩ ክብሪት ነበር፣ ጫፉ የቀላ። ፊታቸው አስቀመጥኩት።

«ይሄ ከመቶ አሥራ ሁለተኛው ሜትር ነው፣ ጋሼ። ታጥቦ ከተመለሰው ድንጋይ አጠገብ።»

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ብዙ ሰው ሲያምን አይቻለሁ፤ ይጮሃሉ፣ ይምላሉ፣ ይወድቃሉ። እሳቸው የያዙትን ድንጋይ መጀመሪያ ቦታው አስቀመጡ።

«የእናቷ ወርቅ የት ነው?» አልኩ።

«አለቀ» አሉ። «አንድ አምባር ግማሹ ቀርቷል።»

በሩ ላይ ሳጅኗ፣ «ወይኔ!» አለች።

«ስድስት ጉድጓድ ባዶ ሆነ» አሉ ወለሉን እያዩ። «ሰባተኛው ባዶ ከሆነ እንሄዳለን አሉኝ። ሠላሳ ዓመት ወርቅ አለ ያልኩት እኔ ነኝ። ሰው በእኔ ቃል ነው መሬቱን የለቀቀው። ከረጢቱን ሳስር የሞረድኩትን የጨመርኩበት ትንሽ ጊዜ ላግኝ ብዬ ነው፣ ቆፍረው ቆፍረው እውነተኛውን ያገኙታል ብዬ። አለ እኮ! አውቀዋለሁ፣ አለ!»

«ሚዛን ደረሰችበት።»

«ብናኙን አርብ ሚዛኑ ላይ አገኘችው። እሁድ ልታማክረኝ ጠራችኝ፤ መብራቱ ሲጠፋ በጀርባ በር ወጥቼ መጣሁ። ‹አጎቴ፣ ሥራ አስኪያጁ እያታለለን ነው› አለችኝ።» የገጠሙትን ድንጋይ በአውራ ጣታቸው ዳበሱ። «እሱን ነበር የጠረጠረችው። እኔን አልጠረጠረችም። ባልነግራት ኖሮ… ግን ዓይኔን ታየኛለች፣ መዋሸት አልቻልኩም። ነገርኳት። ‹የእናቴን ወርቅ?› አለች። ሌላ ምንም አላለች፣ የእናቴን ወርቅ ብቻ። ከዚያ ዕንባዋን ጠረገችና ‹ሕዝቡ አዳራሽ ውስጥ ነው፣ አሁኑኑ ሄጄ እነግረዋለሁ› ብላ ዞረች። ድንጋዩ እጄ ላይ ነበር። እሷ ያሳየችኝ ድንጋይ።»

«ከዚያ ድንጋዩን አጥበው መለሱት። ከዚያ አዳራሽ ገብተው ስብሰባ ዘጉ።»

«ቦታው ነው» አሉ ስለ ድንጋዩ ብቻ፣ ሌላ ምን ላደርገው ኖሯል በሚል ዓይን እያዩኝ።

አጨብጭቤላቸዋለሁ። ከገደሏት ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ መድረክ ላይ ወጥተው፣ «ልጆቻችን ይኖሩበታል» ሲሉ መዳፌ እስኪቀላ አጨብጭቤያለሁ። ካቴናውን ሳጅኗ አሰረች። የእኔ እጅ አልታዘዘኝም።

*

ስምንት ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባን። ካርቶኖቹ መኪና ላይ እየተጫኑ ነው። ሁሉንም ነገርኩት፤ ሞረዱን፣ አምባሩን፣ ተራራው ባዶ መሆኑን። ይደነግጣል ብዬ ጠበቅኩ።

«አውቃለሁ» አለ።

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። «ምኑን ነው የምታውቀው?»

«ወርቅ የለም። ሩቡን እኔ ነኝ የላክሁት፣ ሌላ አገር፣ ሌላ ላቦራቶሪ። መልሱ ከመጣ ሁለት ወር ሆነ። ባዶ።»

«ሁለት ወር! ታዲያ ሐሙስ የሚፈርሙት ምንድን ነው?»

«እነሱ ይገዛሉ፣ እኛ እንሸጣለን። ወሬው ገና ትኩስ ነው።» ትከሻውን ነቀነቀ። «ሽማግሌው ለራሱ ዋሸ። እኔ አልዋሸሁም፣ እኔ ዝም አልኩ።»

«እሁድ አዳራሽ ውስጥ አንድ ሺህ ሥራ ብለህ ነገርከን እኮ!» አለች ሳጅኗ። «ያቺ ልጅ አርባ እርምጃ ላይ ስትሞት!»

«አንተ ወጣት ነህ» አላት። ዓይኑን በጨው አጥቦ! ሳጅኗን ክንዷን ይዤ ባላወጣት ኖሮ እሷንም መክሰሴ አይቀርም ነበር።

ለአዛዡ ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት። «ፋይልህ የግድያ ነው፣ ገዳዩን ይዘሃል» አለኝ በመጨረሻ። «ሌላውን የሚመለከተው አካል ያየዋል።» ሩቡን፣ ሁለቱን ወር፣ ካርቶኖቹን ሁሉ ሪፖርቱ ላይ ጻፍኩ። ሳጅኗ ሦስት ኮፒ አነሳች፤ አንዱን ለማን እንደምትሰጥ አልጠየቅኳትም። የሥራ አስኪያጁ መኪና ግን አሥር ሰዓት ሳይሞላ ከተማውን ለቅቆ ወጥቷል።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ወህኒ የሚሄደው መኪና ደጃፍ ቆመ። የሚዛንን አባት ፈትቼ የማንጎውን ከረጢት መለስኩለት። ኮሪደሩ ላይ ከጋሽ ቋጥኝ ጋር ፊት ለፊት ተገናኙ። ሊያንቃቸው ነው ብዬ መሀል ገባሁ። አባትየው ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ከረጢቱን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ አለፈ። ጋሽ ቋጥኝ ጀርባው እስኪጠፋ ድረስ አዩት።

መኪናው ላይ ካወጣናቸው በኋላ ስሜን ጠርተው አስቆሙኝ።

«ሥራ አስኪያጁ ሲሰማ ምን አለ? ይሄዳሉ? ሕዝቡን ትተው ይሄዳሉ?»

አለመንገር እችል ነበር። ሳጅኗም በዓይኗ ይተዉት አለችኝ።

«ያውቅ ነበር፣ ጋሼ» አልኳቸው። «ሩቡን የወሰደው እሱ ነው። ባዶ መሆኑን ካወቀ ሁለት ወር ሆኖታል። ሚዛን ብትናገርም ባትናገርም ሊሄዱ ነበር።»

ነገሩ ቶሎ አልገባቸውም። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ በጣታቸው ከሁለት ወር በፊት ጀምረው ወደዚህ ቆጠሩ፣ እሁድ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። የታሰረ እጃቸው ወደ ኪሳቸው ሄደ፤ ክብሪቱን ወስደንባቸዋል። ቀና ብለው አዩኝ።

«ታዲያ ልጄ ለምን ሞተች?» አሉ።

እኔን ነው የጠየቁት። እኔን! የመኪናውን በር ዘጋሁት።